ስለ ተሸጠችው ዲኤክስ



እንደሚታወቀው ሰሞኑን በየሻይ ቤቱና በየባጃጅ ተራው የሚወራው የአንድ ጎረቤታችን ዲኤክስ መሸጥ ነው። «ሚስቱ አሸጠችው»፣ «ከዲኤክስ ወርዶ ባጃጅ ያዘ» እየተባለ ይሳቃል። እኛ የማኅበሩ ኮሚቴ ሳቁ ልክ አይደለም ስላልን ይህን ለጥፈናል። ልጁንም አስፈቅደናል፤ ስሙን ግን አንጠራም።

መኪናይቱ ቶዮታ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1979 ጀምሮ ከሠራቸው ኮሮላዎች አንዷ ናት። የኋላ ጎማዋ ነው የሚገፋት፤ ወጣቶቹም የሚወዷት ለዚሁ ነው። ልጁ የአባቱን መኪና ተረክቦ ሞተሯን አወጣና 1.6 ሊትር ባለ 16 ቫልቭ ገጠመላት። ሞላዋን አስቆርጦ ዝቅ አደረጋት፣ ሰፊ ቸርኬ አስገባ፣ ማርሚታዋን ቀየረ። ከጀውሃ በኩል ስትመጣ ከእሷ በፊት ድምጿ ይደርስ ነበር። ሞላ ተቆርጦ የጣርማ በርን ቁልቁለት መውረድ አደገኛ ነው ብለን ነግረነዋል፤ አልሰማም። የኋላ ወንበሯንም ነቅሎ በቦታው የሙዚቃ ሳጥን አስቀመጠ። ወንበሩን ታውቁታላችሁ፤ በድንኳን ማስቀመጫችን በረንዳ ላይ ሆኖ ኮሚቴው ሲሰበሰብበት የኖረው እሱ ነው።

በኅዳር 2014 ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስና ሰው ወደ ደብረ ብርሃን ሲሸሽ፣ ሳጥኑ ወርዶ በዚያ ወንበር በሌለው ጀርባ ሰባት ልጆችና አንዲት አራስ ተጭነው ወጡ። የመኪናይቱን ሆድ ድንጋይ እየመታው። ዛሬ ከሚስቁት መካከል ልጁ በዚያን ቀን የተጫነለት ሰው አለ እኮ!

አሁን የልጁ ሁለተኛ ልጅ ሕመምተኛ ናት። በየጊዜው ወደ ደብረ ብርሃን፣ አንዳንዴም አዲስ አበባ ድረስ ለሕክምና ትመላለሳለች። እናትዬው ሕፃኗን አቅፋ ከፊት ትቀመጥ፤ ትልቁስ ልጅ የት ይቀመጥ? ቤንዚኑም አለ። መንግሥት ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማውን እየቀነሰ ሲመጣ፣ የዚያ ሞተር ጥማት የቤት አስቤዛ መብላት ጀመረ። ሚስቱ ፈረመች የሚባለውም እውነት ነው። ባልና ሚስት በጋራ ያላቸው መኪና ሲሸጥ የሁለቱም ስምምነት ይጠየቃላ። ደግሞስ ብታሸጠው ምን ነውር አለው?

ይልቅ የሚያሳዝነው ዋጋው ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። ስለሆነም አገር ውስጥ ያለች አሮጌ ቶዮታ ጥሩ ገንዘብ ታወጣለች። የእሱ ግን አላወጣችም። ገዢ የሚፈልገው ፋብሪካ እንደሠራት የተቀመጠችውን ነው፤ ለሞተሩና ለቸርኬው የወጣውን ብር ማንም አይመልስም። በዚያ ላይ የአዲሱ ሞተር ቁጥር ሊብሬው ላይ አልሰፈረም ነበር። ደላላው ይህን እንዳየ ቀነሰ፤ የሕክምናው ቀጠሮ አሥር ቀን ብቻ እንደቀረው ሲሰማ ደግሞ እንደገና ቀነሰ። ሞተር የቀየራችሁ ሌሎችም ስላላችሁ፣ ሰው ሳይቸግራችሁ ሄዳችሁ አስመዝግቡ።

አሥሩ ቀን ሁለት ወር ቢሆንለት ኖሮ ወረቀቱን አስተካክሎ፣ አዲስ አበባ ወስዶ፣ ደህና ገዢ ያገኝ ነበር። መጀመሪያ የመጣው እኮ ወደ እኛ ነው። እድሩ ለሞት እንጂ ለሕመም አይከፍልም ብለን አንቀጹን አንብበን የመለስነው እኛው ነን። እቁቡም ዘንድ ሄዶ ነበር። ዕጣው ለሌላ ሰው ወጣ፤ ባለዕጣውም አልለቅም አለ። ባለዕጣውን አንወቅሰውም፤ የእኛ ግን እስካሁን ያሳፍረናል። ልጅቱ ብትሞት ድንኳን ተክለን፣ ወጥ ሠርተን፣ ብሩን ቆጥረን እንሰጠው ነበር። በሕይወት ስላለች ግን አንቀጽ አነበብንለት።

ስለዚህ ደንቡ እንዲሻሻል ሐሳብ እናቀርባለን። የአባል ቤተሰብ ሲታመም ከእድሩ ሣጥን በሁለት ዋስ ብድር ይሰጥ፤ መጠኑንና የመመለሻውን ጊዜ ጉባኤው ይወስን። የእድር ገንዘብ የቀብር ገንዘብ ነው የሚሉ ሽማግሌዎች እንዳሉ እናውቃለን። ተበድሮ የማይመልስ ቢመጣስ የሚለው ሥጋታቸውም ተራ ነገር አይደለም። መጥተው ይናገሩ።

ልጁ በተረፈው ብር ያገለገለ ባጃጅ ገዝቶ ከመናኸሪያው ይሠራል፤ ከልጅቱ ቀጠሮም አልቀረም። ስብሰባው የፊታችን እሁድ ከቀኑ 9 ሰዓት በድንኳን ማስቀመጫው በረንዳ ነው። የመኪናይቱ ገዢ የኋላ ወንበሯን ጠይቆ ስለወሰደ፣ ሁሉም በርጩማውን ይዞ ይምጣ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ስለ ኮሚቴው