የቀጠሮ ቀን

ፍርድ ቤት ሲነሳ ወቀሳችን ሁሌም በዳኛና በጠበቃ ላይ ነው። ዛሬ የምናገረው ለባለጉዳዩ ነው፤ ከዲዱ፣ ከኖጳ ወይም ከአልጌ ማልዶ ተነስቶ በጭቃው ለሚመጣው ገበሬ። ጎሬ የጠቅላይ ግዛት ከተማ በነበረች ጊዜ አባቶቹ ወደዚያ ይጓዙ ነበር፤ እሱ አሁን ወደ መቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይመጣል። የመሬት ወሰንም ይሁን የውርስ ቡና፣ የያዘው ጉዳይ የቤተሰቡ ኑሮ ነው።

እንዲህ ያለ ጉዳይ በአንድ ቀን መቅረት ሊጠፋ ይችላል። በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ተከሳሽ፣ ክርክሩ እሱ በሌለበት ይሰማል። ከሳሹ ቀርቶ ተከሳሹ ከተገኘ ደግሞ መዝገቡ ሊዘጋ ይችላል። በቂ ምክንያት የነበረው ሰው አቤት የሚልበት ጊዜ 1 ወር ብቻ ነው። መንገዱ በዝናብ የሚቆረጥበት ሰው ዋዜማውን ከተማ ገብቶ ዘመድ ቤት ይደር። የቡና ለቀማ ቢደርስም ቀጠሮው አይዘለል።

ዝግጅቱ ግን ከቀጠሮው ቀን በፊት ይጀምራል። የምስክሮች ስምና አድራሻ፣ የሚመሰክሩበት ጭብጥ፣ የጽሑፍ ማስረጃውም ከክሱ ጋር አብሮ መቅረብ አለበት። ብዙ ሰው ግን ሁሉን ለራፖር ጸሐፊው ትቶ ሳያስነብብ ይፈርማል። ይህ ያሳዝነኛል፤ በኋላ በችሎት ፊት የሚጠየቀው እሱ ነውና። የይዞታ ደብተሩን፣ የግብር ደረሰኙን፣ የሽማግሌ ውሉን ከነቅጂው በአንድ ፌስታል ይዞ መምጣት ከብዙ ንግግር ይበልጣል።

በድሮው በላ ልበልሃ አንደበተ ርቱዕ ተሟጋች ይደነቅ ነበር። የዛሬው ችሎት ግን የተጠየቀውን የሚመልስ ሰው ይፈልጋል። ዳኛ ሲገባ መነሳት፣ ስልክ ማጥፋት፣ ቆሞ ወደ ዳኛው መናገር፣ ባላጋራ ሲናገር አፍ መዝጋት፦ ይህን ማድረግ ለማንም አይከብድም። ቦቲ ጫማው ጭቃ ስለነካው ማንም አይፈር፤ የሚያሳፍረው ስድብ ነው። ችሎት መድፈር በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 449 እስከ 1 ዓመት እስራት ወይም እስከ 3,000 ብር መቀጮ ያስከትላል።

የትንሽ ከተማ ፈተና ደግሞ አለ። በመቱ ዳኛው በገበያም፣ በቡና ቤትም፣ በለቅሶም ያጋጥማል። «ስለዚያች ጉዳዬ» ብሎ መጠጋት ለብዙዎች ጨዋነት ይመስላቸዋል። ጨዋነት አይደለም። ዳኛው ሀቀኛ ከሆነ ያስከፋዋል፤ ካልሆነም ለባላጋራው ተመሳሳይ በር ይከፍታል። «ዳኛውን አውቀዋለሁ» የሚል ደላላም ገንዘብ ከመብላት በቀር የሚሠራው የለም።

የችሎቱ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። ቋንቋውን በደንብ የማይሰማ ሰው በግማሽ ሰምቶ አዎን ከማለት አስተርጓሚ ይጠይቅ። በወንጀል ለተከሰሰ ሰው በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ማግኘት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተሰጠ መብት ነው። ፍርድ ቤቶችም ባለጉዳዩ ሳይጠይቅ ቀድመው ቢጠይቁት እመኛለሁ፤ ብዙ ሽማግሌ በይሉኝታ ዝም ይላልና።

ማንበብ የሚችል ልጅ ያላችሁ፣ ከችሎት ስትወጡ የመዝገቡን ቁጥር፣ ቀጣዩን ቀንና ሰዓት አጽፉና ቤት የሚታይ ቦታ ላይ አስለጥፉ።