መርማሪው የፈለገው ብሩን ነው

በቱዶር ነገሥታት ዘመን የሮማውያን ሳንቲም ክምችት ከመሬት ሲወጣ ይደረግ የነበረውን ይፋዊ ምርመራ «የቅርስ ጥበቃ ጅማሮ» የሚለው የታተመ አስተያየት ማስረጃ አይደግፈውም። የምርመራው ሥር በ1276 እ.ኤ.አ. የወጣ የእንግሊዝ ሕግ ነው። ሕጉ ኮሮነር የሚባለውን የዘውድ ሹም የሚያዘው ሀብቱን ማን እንዳገኘና ማን እንደሚጠረጠር እንዲያጣራ ነው። የተጠርጣሪውን ምልክት ሳይቀር ይነግረዋል፦ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ መጠጥ ቤት እያዘወተረ ተንደላቆ የሚኖር ሰው። ይህ የአርኪዮሎጂ ዘዴ ከሆነ የሰፈር ሐሜተኛ ሁሉ ሊቅ ነው! ባለቤቱ ያልታወቀ ድብቅ ወርቅና ብር የዘውዱ ሲሆን ነሐስ ግን ከሕጉ ውጭ ነበር። ከሮማውያን ሳንቲም ደግሞ እጅግ ብዙው ነሐስ ነው። ታሪክ ልጠብቅ ያለ ሕግ ይህን ሁሉ ምን ብሎ ይተወዋል?

«ካምደንስ?» ይባል ይሆናል። እውነት ነው፣ ዊልያም ካምደን በ1586 ባሳተመው «ብሪታኒያ» ሳንቲሞችን በማስረጃነት ተጠቅሟል፤ ያደረገው ግን በራሱ የምሁር ጉጉት እንጂ በኮሮነር ወንበር ተቀምጦ አይደለም። የምርመራው መዝገቦች ዛሬ ይጠቅሙናል ለሚሉም፣ የግብር መዝገብም ለታሪክ ጸሐፊ ይጠቅማል፤ ግብር ሰብሳቢውን ግን ታሪክ ጸሐፊ አያሰኘውም። እንዲያውም ለታማኝ አግኚ ዋጋ መክፈል የመንግሥት ደንብ የሆነው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት የተናገረ ገበሬ ብሩን ያጣል፣ የደበቀም ከተያዘ ይቀጣል። አቅልጦ ዝም ማለት የሚያዋጣው እንዲህ ባለ ሕግ ሥር ነው።