የመኪናን የፊት ጎማዎች በቤት ስለ ማስተካከል

አንዳንድ ባለ መኪናዎች አዲስ የገዙት ጎማ ብዙ ሳያገለግል ዳሩ ተበልቶ ሲያገኙት፥ ነገሩን ኹሉ በመንገዱ ኰረትና በነጂው ላይ ያላክካሉ። መንገዱም ነጂውም ድርሻ አላቸው፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው ኹለቱ የፊት ጎማዎች ጐን ለጐን ቀጥ ብለው ካለመሄዳቸው ነው። አንድ ጎማ ከቀጥታው በግማሽ ዲግሪ ብቻ ዘወር ቢል፥ በየ1 ኪሎ ሜትሩ 9 ሜትር ያህል ወደ ጐን እየተፋተገ ይሄዳል ማለት ነው። ይህን ፍትጊያ የሚችል ላስቲክ የለም። ከገንዘቡም ኪሳራ ይልቅ የሚያሳስበው፥ እንዲህ ያለው መኪና በዝናብ ጊዜ ለመሪው በሚገባ አለመታዘዙ ነው፤ በውስጡም የሚቀመጡት ሚስትና ልጆች ናቸው።

ታዲያ ይህን በቤት ማስተካከል ይቻላልን? ቢሉ፥ ከፊሉ ይቻላል፥ ከፊሉ አይቻልም እንላለን። የፊት ጎማ ሦስት ዐይነት አቋም አለው። አንደኛው፥ ከፊት ሲያዩት ራሱ ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ ማዘንበሉ፤ ኹለተኛው፥ ጎማው የሚዞርበት ምሰሶ ወደ ኋላ ጋደል ማለቱ፤ ሦስተኛው፥ ከላይ ሲያዩት የኹለቱ ጎማዎች ፊት ከኋላቸው ይልቅ መጠጋጋቱ ወይም መራራቁ ነው። የፊተኞቹ ኹለቱ ለጋራዥ የሚተዉ ናቸው፤ ሦስተኛውን ግን አስተዋይ ሰው በግቢው ሊለካው ይችላል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1948 እስከ 1985 የተሠራውን የቀድሞውን ላንድ ሮቨር ለምሳሌ ብንወስድ፥ የፊተኞቹ ኹለቱ አቋሞች ከፋብሪካው የተወሰኑ ስለ ኾኑ፥ ለባለቤቱ የሚቀረው ሥራ ይህ ሦስተኛው ብቻ ነው። ልኩም የጎማዎቹ ፊት ከኋላቸው ከ1.2 እስከ 2.4 ሚሊ ሜትር እንዲጠብ ነው። የፊት እግራቸው የሚጎትት ሌሎች መኪናዎች ግን ተቃራኒውን የሚሹበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ ልኩን ከጎረቤት ሳይኾን ከመኪናው መጽሐፍ መውሰድ ይገባል።

ከመለካት አስቀድሞ የሚደረግ አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ሰዎች የሚዘነጉትም እርሱን ነው። መኪናውን በክሪክ አንሥተው፥ በጠንካራ ድጋፍ ላይ ካሳረፉት በኋላ፥ ጎማውን ግራና ቀኙን ይዘው ይነቅንቁት። ከተላወሰ ኹለቱን ጎማዎች የሚያያይዘው ዘንግ መጋጠሚያ ወይም ሌላው የመሪው ዕቃ አልቋል። ከላይና ከታች ይዘው ሲነቀንቁት ቢላወስ ደግሞ፥ ኩሽኔታው ወይም የሚዞርበት ምሰሶ ላልቷል። እንዲህ ከኾነ መለኪያውን አስቀምጠው ዕቃውን ያስለውጡ። ባለቀ መጋጠሚያ ላይ የተደረገ ማስተካከል በማግሥቱ ይፈርሳል፤ መጋጠሚያው በጕዞ ላይ ቢወልቅም መሪው ከንቱ ይኾናል። በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር ግን ጌታም ነጂም ከቶ አይግባ።

እግሩ ጤነኛ ኾኖ ከተገኘ፥ የጎማዎቹን ነፋስ በልኩ ሞልቶ፥ ጎማው ከመሬት እንደ ተነሣ እያዞሩ በመካከሉ ዙሪያውን በምስማር ቀጭን መሥመር ይጫርበታል። መኪናው ከወረደ በኋላ በደልዳላ መሬት ላይ ጥቂት ወደ ፊት ተነድቶ መሪው ቀጥ እንዳለ ይቁም። ቀጥ ማለቱ የግድ ነው፤ መኪና ሲታጠፍ የውስጠኛው ጎማ ከውጭኛው አብልጦ ይዞራልና። ይህ ብልኀት ለፈረስ ሠረገላ የታሰበ ነበር፤ የሙኒኩ ሠረገላ ሠሪ ላንከንስፐርገር ያወጣውን አከርማን በ1818 በለንደን በሕግ አስመዝግቦታል።

ከዚያም በኹለት ጫፉ ችካል የቆመበት ረጅም ጣውላ ተዘጋጅቶ፥ በጎማዎቹ ፊት በማዕከላቸው ከፍታ ልክ፥ ከመሥመር እስከ መሥመር ይለካል፤ በዚያውም ቦታ ምልክት ይደረጋል። መኪናውን ወደ ኋላ ሳይመልሱ ምልክቱ በዚያው ከፍታ ኋላ እስኪደርስ ወደ ፊት ገፍተው እንደ ገና ይለኩ። በዚህ ዐይነት ጎማው ራሱ ጠማማ ቢኾን እንኳ ልኩን አያሳስትም።

ልኩ ካልደረሰ የዘንጉን ማጥበቂያዎች አላልቶ ዘንጉን ራሱን ማዞር ነው፤ የኹለቱ ጫፎች ጥርስ ተቃራኒ ስለ ኾነ በአንድ ጊዜ ይረዝማል ወይም ያጥራል። ዘንጉ ከጎማዎቹ ማዕከል በስተኋላ ከኾነ ማርዘሙ ፊታቸውን ያጠጋጋል፤ በስተፊት ከኾነ ያራርቃል። ሩብ ዙር አዙሮ እንደ ገና መለካት እንጂ መቸኰል አይገባም። ኹለት ዘንግ ባላቸው መኪናዎች ግራውንና ቀኙን እኩል ማዞር ያስፈልጋል፤ አለዚያ መሪው ጠማማ ይቆማል። የኋላ እግራቸውም የሚስተካከል፥ መሪያቸውም በኤሌክትሪክ የሚረዳ የዛሬ መኪናዎች ግን ማዕዘን የሚለካ መሣሪያ ወዳለው ጋራዥ ቢሄዱ ይሻላል።

ማጥበቂያዎቹ በደንብ ከጠበቁ በኋላ መኪናው በዝግታ ይሞከር። ወደ አንድ ወገን መሳቡን ካልተወ፥ ምክንያቱ ይህ ሳይኾን የጎማ ነፋስ ወይም የያዘ ፍሬን ሊኾን ይችላልና እርሱን ይመርምሩ። ከጥቂት ሳምንትም በኋላ የጎማውን ፊት በመዳፍ ይዳብሱት፤ እጅ ወደ ውስጥ ሲሄድ ለስላሳ፥ ወደ ውጭ ሲመለስ ሻካራ ከኾነ፥ የጎማዎቹ ፊት ዛሬም ከመጠን በላይ ተጠጋግቷል።