ቆጣሪ የሌለው የመንገድ መብራት ሒሳቡ በምን ይሰላል?

ለዚያራ ወደ ሶፍ ዑመር የሚጓዝ ሰው መሽቶበት ሮቤ ቢገባ ከመናኸሪያ እስከ መስጂድ መንገዱን የሚያሳየው የከተማው መብራት ነው። ይህ መብራት ነፃ አይደለም፤ በአገራችን የኤሌክትሪክ ታሪፍ የመንገድ መብራት ራሱን የቻለ ምድብ አለው።

ቆጣሪ ካለ ንባቡ ይበቃል። ከሌለ ግን የአምፖሉ ዋት በሚበራበት ሰዓት ይባዛል። ባሌ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ ሌሊቱ ክረምት ከበጋ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ባለ 250 ዋት ሶዲየም መብራት በ30 ቀን 90 ኪሎ ዋት ሰዓት ይታሰብበታል፤ ባላስቱ የሚበላው ሳይጨመር ማለት ነው። በ100 ዋት ኤልኢዲ ቢተካ 36 ብቻ ይሆናል።

ጣጣው መዝገቡ ላይ ነው። ካልታደሰ አምፖሉ ቢቃጠልም ቢቀየርም ሒሳቡ የድሮው ነው። ሕዝቡ በጨለማ ለሱብሒ እየወጣ ማዘጋጃ ቤቱ ለብርሃን ይከፍላል፤ ገንዘቡ ደግሞ የነዋሪው ነው። በአንጻሩ ሳይመዘገብ የተተከለ መብራት የሚበላውን ኃይል ማንም አይከፍልም፤ ኪሳራው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ይሆናል። ታሪፉ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ከመስከረም 2017 ወዲህም እንደገና በየደረጃው ሲጨምር የስህተቱ ዋጋም አብሮ ጨምሯል።

በየምሰሶው ቆጣሪ መግጠም አያዋጣም። መስመሩ በሚነሳበት ሳጥን ላይ አንድ ቆጣሪ ከገባ ግን ለጠፋ አምፖል ሒሳብ አይመጣም።