የወደቀ ውሻ ሁሉ ያበደ አይደለም

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የግቢያችን ውሻ ቡቺ በጎኑ ወደቀ። እግሮቹ ተገተሩ፣ መንጋጋው ገጠመ፣ መላ ሰውነቱም ይንዘፈዘፍ ጀመር። አፉ አረፋ ደፈቀ፤ ሽንቱንም ለቀቀ። ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሲነሣ ያሳደጉትን ሰዎች የማያውቅ መስሎ ከግድግዳ ጋር እየተጋጨ ይንከራተት ነበር። ሲነጋ ወሬውን የሰሙ ጎረቤቶች «አብዷል፣ ይገደል!» ሲሉ ፈረዱ።

ፍርዱ ከጭካኔ ብቻ የመነጨ አልነበረም። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ዛሬም ሰው ይገድላል፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ በሽተኛውን ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ፍርሃቱ ተገቢ ነው። ተገቢ ያልሆነው ከፍርሃት በቀጥታ ወደ ዱላ መሻገሩ ነው።

ሁለቱን በሽታዎች የሚለያቸው ጊዜ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ አንጎልን ከወረረ በኋላ ሕመሙ ከቀን ወደ ቀን ይከፋል፤ የእንስሳው ጠባይ ይለወጣል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ አብዛኛውን ጊዜም በ10 ቀናት ውስጥ ይሞታል። የሚጥል በሽታ ግን በአንጎል ነርቭ ሴሎች ውስጥ በድንገት ከሚነሣ ያልተገራ የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመጣ ነው። እንቅስቃሴው ሲበርድ ውሻው ለጥቂት ጊዜ ከተደናገረ በኋላ ወደ ቀድሞ ጠባዩ ይመለሳል።

ቡቺ ክትባቱን በወቅቱ የወሰደ ቢሆንም ለብቻው ተዘግቶ፣ ማንም ሳይነካው፣ በእንስሳት ሐኪም ክትትል 10 ቀን ቆየ። በ11ኛው ቀን ጭራውን እየቆላ ተቀበለን። ሐኪሙም መርዝን፣ የደም ስኳር ማነስንና የጉበት ሕመምን ከመረመረ በኋላ የሚጥል በሽታ መሆኑን ነገረን። ሌላ መንሥኤ የማይገኝለት ዓይነት በውሾች ላይ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከ6 ወር እስከ 6 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ነው።

የታዘዘለት መድኃኒት ፌኖባርቢታል ነው። ይህ መድኃኒት ከ1912 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚጥል በሽታ ላለባቸው ሰዎች ሲሰጥ የኖረ ነው። መጠኑ ቢለያይም ሰውንም ውሻንም ያገለግላል። በየ12 ሰዓቱ ሳይዛነፍ መሰጠት አለበት፤ በድንገት ማቋረጥ ከቀድሞው የከፋ መንቀጥቀጥ ያስከትላል። ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችልም የደም ምርመራ ያስፈልገዋል። በቤታችን ግድግዳ ላይ አንድ ደብተር ተሰቅሏል፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የቆየበት ደቂቃ ይመዘገብበታል። መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም በ24 ሰዓት ውስጥ ከተደጋገመ አጣዳፊ ሕክምና ያሻዋል።

«ለሰው መድኃኒት በቅጡ በማይዳረስበት አገር ለውሻ ክኒን መግዛት ቅንጦት አይደለምን?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ወጪውንና ድካሙን የማይችል ቤተሰብም አይወቀስም። ነገር ግን በውሻው ላይ የምንሰጠው ፍርድ በሰው ላይ ከምንሰጠው የራቀ አይደለም። በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በቡታጅራ አካባቢ ከ1000 ሰዎች መካከል 5 ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው አሳይቷል። እነዚህ ሰዎች በየትምህርት ቤታችንና በየሰፈራችን ይኖራሉ። ሲወድቁ ግን ክብሪት የሚያሸትት እንጂ ራሳቸውን የሚደግፍ ጥቂት ነው፤ አረፋው በሽታውን ያስተላልፋል ብሎ የሚሸሸውም ብዙ ነው። በሽታው ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

ታናሽ እኅቴ አንዲት የክፍል ጓደኛዋ ስትወድቅ አልሸሸችም። ሹራቧን ከራሷ ሥር አነጠፈችላት፣ በጎኗ አስተኛቻት፣ ሰዓቷንም ተመለከተች። ይህን ትዕግሥት የተማረችው ከቡቺ ነው።

ስለዚህ ተማሪ ወገኖቼ፣ በደጃችሁ የሚወድቅ ውሻ ቢያጋጥማችሁ እጃችሁን ወደ አፉ አታስጠጉ፤ ራቅ ብላችሁ ሰዓት ያዙ፣ ያያችሁትን ጻፉ፣ ሐኪም ጥሩ። ከነከሳችሁ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ አጥባችሁ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ፍርዱ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ። ቡቺ ዛሬም አልፎ አልፎ ይወድቃል፤ እኛም ደብተሩን አውርደን እንጽፋለን።