ጠፈርተኞቹ የሚንሳፈፉት ስበት ስለሌለ አይደለም

ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የሚለቀቁት ቪዲዮዎች የተቀነባበሩ ናቸው የሚሉ ሰዎች አንድ ጠንካራ መከራከሪያ ይዘዋል። ጣቢያው ከምድር ገጽ የሚርቀው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በመኪና ከሚኬደው መንገድ ያንሳል። እዚያ ከፍታ ላይ የመሬት ስበት አለ፤ ያውም እዚህ ካለው 90 በመቶ የሚጠጋው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 400 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ማማ አናት ላይ ቆሞ ቢመዘን 53 ኪሎ ያህል ይሆናል። ታዲያ ጠፈርተኞቹ እንዴት ይንሳፈፋሉ?

ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ ጠያቂው እንደ አላዋቂ ተቆጥሮ መታለፉ ነው። «ጠፈር ላይ ስበት የለም» እያልን ያስተማርነው እኛው ነን። ይህ ስሕተት መሆኑን በራሱ ጥረት የደረሰበት ሰው ቪዲዮውንም ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

እውነቱ ግን ጣቢያው ሳያቋርጥ እየወደቀ ነው። ከረጅም ተራራ ጫፍ የተተኮሰ የመድፍ ጥይት ፍጥነቱ ከበቃው መሬትን ሳይነካ ሊዞራት እንደሚችል ኒውተን አስቀድሞ አስረድቶ ነበር። ጣቢያው በሰዓት 28,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። በእያንዳንዷ ሰከንድ ከ4 ሜትር በላይ ወደ መሬት ይወድቃል፤ በዚያችው ሰከንድ ወደፊት ከ7 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ስለሚሄድ ግን ክቧ መሬትም ከሥሩ በዚያው ልክ ዝቅ ትላለች። ስለዚህ ከመሬት አይገናኝም። ጣቢያው፣ ሰውየው፣ እስክሪብቶው፣ ውሃው ሁሉም እኩል ስለሚወድቁ አንዱ ሌላውን አይጫንም። መንሳፈፍ የምንለው ይህንን ነው።

«አውሮፕላን ውስጥ ነው የተቀረጸው» የሚሉም አሉ። ዘዴው በእርግጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ1995 ለእይታ በበቃው «አፖሎ 13» ፊልም ተዋንያኑ ሲንሳፈፉ የተቀረጹት ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል በሚወርድ የናሳ አውሮፕላን ውስጥ ነው። ነገር ግን አንዱ ዙር የሚሰጠው 25 ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። ከዚያ አውሮፕላኑ ሲቃና ተሳፋሪው የክብደቱን እጥፍ በሚጠጋ ኃይል ወለሉ ላይ ይጫናል። ጠፈርተኞች ከተማሪዎች ጋር በቀጥታ ሥርጭት የሚያደርጉት ውይይት ደግሞ 20 ደቂቃ ያህል ይዘልቃል።

ገመድ ነው ለሚሉትም፣ ገመድ ሰው ያንጠለጥል ይሆናል እንጂ ውሃ አይዝም። እ.ኤ.አ. በ2013 ካናዳዊው ክሪስ ሃድፊልድ ጣቢያው ውስጥ እርጥብ ፎጣ ሲጨምቅ ውሃው አልተንጠባጠበም፤ ፎጣውን እንደ ቱቦ ከብቦ ቀረ፣ ከዚያም እጆቹ ላይ ተለጠፈ። ለእኔ ከማንኛውም የመንግሥት መግለጫ በላይ የሚያሳምነኝ ይህ ነው።

የፊዚክስ መምህራን አብረው ከሚወድቁ ነገሮች አንዱ ሌላውን እንደማይጫን ክፍል ውስጥ ለማሳየት ቤተ ሙከራ አያስፈልጋቸውም። ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ግርጌው አጠገብ በምስማር ይብሱና ውሃ ይሙሉት፤ ክዳኑን ሳይገጥሙ ወንበር ላይ ቆመው ይልቀቁት። በእጅ እንደተያዘ ከቀዳዳው ሲፈስ የነበረው ውሃ፣ ጠርሙሱ አየር ላይ ሳለ መፍሰሱን ያቆማል። አንድ ተማሪ በስልኩ በዝግታ ይቅረጸው፤ ክፍሉ ሁሉ ደጋግሞ ይመልከተው። «ስበት የለም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከሰሌዳው ማጥፋት ያለብን ያኔ ነው።