የዋሽንግቶን ብዕርና የማታር ገበያ

በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 57 እንደተደነገገው፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው ሕግ ለአገሪቱ ፕሬዚዴንት ፊርማ ይቀርባል፤ ፕሬዚዴንቱ በ15 ቀን ውስጥ ባይፈርሙ ግን ሕጉ ያለ ፊርማቸው በሥራ ላይ ይውላል። ይህም ማለት የገዛ ፕሬዚዴንታችን ብዕር አንድን ሕግ ከ15 ቀን በላይ ሊያዘገየው አይችልም ማለት ነው። የሌላ አገር ፕሬዚዴንት ብዕር ግን በሐዋሳ ፋብሪካ ሲያዘጋና በጋምቤላ የስደተኛውን ራሽን ሲያሳንስ በዐይናችን አይተናል። እኛ ተማሪዎች ስለ ሥልጣን ክፍፍል ለፈተና አጥንተን እንጽፋለን፤ ሥልጣኑ ገበያ ወርዶ የሚሠራውን ግን ስንቶቻችን ጠይቀናል?

ነገሩን ከሥሩ እንየው። በአሜሪካ ሕግ የሚያወጣውና ገንዘብ የሚመድበው ምክር ቤቱ ነው፤ ይሁን እንጂ ምክር ቤቱ ራሱ በብዙ ጉዳይ የመወሰኑን ሥልጣን ለፕሬዚዴንቱ አሳልፎ ሰጥቷል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አጎዋ የተባለው ሕግ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሕጉ የአፍሪካ አገሮች ብዙ ዓይነት ዕቃ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲያስገቡ ይፈቅዳል፤ የትኛው አገር በዚህ ዕድል ይጠቀም የሚለውን ግን በየዓመቱ የሚወስነው ፕሬዚዴንቱ ነው። በጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ፕሬዚዴንት ባይደን በሰሜኑ ጦርነት የተፈጸመውን የሰብዓዊ መብት ጥሰት ምክንያት አድርገው ኢትዮጵያን እንደሚያስወጡ ለምክር ቤታቸው አስታወቁ፤ ከታኅሣሥ 23 ቀን ጀምሮም ተፈጻሚ ሆነ። ፒቪኤች የተባለው የልብስ ኩባንያ ቀኑ እስኪደርስ እንኳ ሳይጠብቅ በኅዳር ወር ከሐዋሳ እንደሚወጣ አስታወቀ። ጦርነቱን ያዘዙት ሰዎች ደመወዛቸው አልተቋረጠም፤ እንጀራዋ የተቋረጠው ከገጠር መጥታ በልብስ ስፌት መኪና ላይ የተቀመጠችው ልጅ ናት።

ሁለተኛው ፊርማ ደግሞ በጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. መጣ። እኛ የጥምቀትን ማግሥት ቃና ዘገሊላን ስናከብር፣ ፕሬዚዴንት ትራምፕ ሥልጣን በያዙበት በዚያው ዕለት የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ለ90 ቀን እንዲቆም አዘዙ። ሳምንት ሳይሞላ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴራችን በአሜሪካ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞችን ውል አቋረጠ። ሕይወት አድን እርዳታ ይቀጥላል የሚል ቃል በኋላ ቢሰጥም፣ ገንዘብ የሚከፍለው ቢሮ ራሱ ስለ ተዘጋጋ ቃሉ በብዙ ቦታ ቃል ሆኖ ቀረ። በመጋቢት ወር ከዩ.ኤስ.ኤይድ ፕሮግራሞች 83 በመቶ መሰረዛቸው ተነገረ፤ በሰኔ 24 ቀንም መሥሪያ ቤቱ ሥራውን አበቃ።

ይህ ሁሉ በሚሆንበት ጊዜ ማታር ምን ላይ ነበረች? ማታር በጋምቤላ ክልል፣ በኑዌር ዞን፣ በዋንቱዋ ወረዳ ከደቡብ ሱዳን ወሰን አጠገብ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በዚያው በ2017 ዓ.ም. በወሰኑ ማዶ በናስር አካባቢ ውጊያ በመነሣቱ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ጋምቤላ ተሻገሩ፤ ብዙዎቹም ማታር አረፉ። ከነሱም ጋር ቁስለኛ መጣ፤ ኮሌራም ገባ። ክልሉ እኮ አስቀድሞም ከ350,000 በላይ ስደተኞችን ያስጠጋ ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የክልሉ ነዋሪ ራሱ 307,096 እንደ ነበረ ስናስብ ሸክሙ ይገባናል። በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ የዓለም ምግብ ፕሮግራም በአገሪቱ ላሉ 780,000 ስደተኞች ራሽኑን ከ60 በመቶ ወደ 40 በመቶ አወረደው። ጥፋቱ የአሜሪካ ብቻ ነው አልልም፤ የአውሮፓ መንግሥታትም እጃቸውን ሰብስበዋል። ነገር ግን ትልቁ ምሰሶ ሲነቀል ቤቱ ወደየት እንደሚያዘነብል የታወቀ ነው።

አንዳንድ ሰዎች «እርዳታ ሌላ፣ ንግድ ሌላ» ይላሉ። ይህ ገበያ ወጥቶ ያላየ ሰው አነጋገር ነው። ስደተኛው የተሰፈረለትን እህል ሁሉ አይበላም፤ ከፊሉን ሸጦ ወፍጮ ያስፈጫል፣ ጨውና ሳሙና ይገዛል፣ ለልጁ ደብተር ያወጣል። ራሽኑ ሲቀንስ የሚሸጠው የለውም፤ የሚሸጠው ሲያጣ ባለ ወፍጮው፣ ባለ ሱቁና ባለ ጀልባው አብረው ይጦማሉ። የድርጅት ሠራተኛ ሲሰናበት ቤት ያከራየችውና ምግብ የምታበስልለት ሴት ገቢዋ ይሄዳል። ስደተኛ ሆኖ የማያውቀው የወረዳው ነዋሪም የእህል ዋጋ ሲወጣ ይኸው ፊርማ ደረሰበት ማለት ነው።

ለጋምቤላ እንዲህ ያለው ነገር አዲስ አይደለም። በ1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ተፈቀደ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዙ ሲሞላ የሱዳን መርከቦች ቡናችንን ይዘው ይወርዱ ነበር። ጣቢያው ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ ተዘጋ። ሲከፈትም ሲዘጋም አኙዋኩንና ኑዌሩን ማን ጠየቀው?

«ገንዘቡ የነሱ ነው፤ መስጠትም መንሣትም መብታቸው ነው» የሚል ክርክር ይነሣል። እውነት ነው። በ2015 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ዩ.ኤስ.ኤይድ የምግብ እርዳታውን ያቆመው እህሉ ለተቸገረው ሳይደርስ በመሰረቁ እንደ ነበረም አንርሳ፤ ሌባው የኛው ሰው ነበር። ቢሆንም ሌላ ነገር እንመልከት። በመጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም. የታወጀው የ10 በመቶ ቀረጥ ቡናችንንም ነክቶት ነበር። የአሜሪካ ሕዝብ የቡና ዋጋ ሲንርበት ጮኸ፤ በኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ያው ብዕር ተመልሶ ቡናን ከቀረጡ አወጣ። ብዕሩ ይሰማል ማለት ነው፤ የሚሰማው ግን ድምፅ የሚሰጠውን ነው። የሐዋሳዋ ልጅና የማታርዋ እናት በአሜሪካ ምርጫ ድምፅ የላቸውም። ስለዚህ ዋሽንግቶን ላይ ብንጮኽ ጩኸታችን በረሃ ላይ የፈሰሰ ውሃ ነው፤ መጠየቅ የሚገባንና የምንችለው የገዛ መንግሥታችንን ነው።

ከማታር አንድ ትምህርት እንውሰድ። በዚያ ክፉ ወቅት የድንበር የለሽ ሐኪሞች ማኅበር በማታር የኮሌራ ሕሙማንንና ቁስለኞችን ተቀብሎ ያክም ነበር። ይህ ማኅበር ከአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ አይቀበልም፤ የሚኖረው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ግለሰቦች ከሚያዋጡት ነው። ከብዙ ኪስ በጥቂት በጥቂቱ የመጣ ገንዘብ በአንድ ሰው ፊርማ አይቆምም። ድር ቢያብር የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በሥራ ያሳዩን ግን እነሱ ናቸው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ በወሰን ወረዳዎች የሚሠሩ የጤና ሠራተኞች ደመወዝ ምክር ቤታችን በሚያጸድቀው በጀት ውስጥ ይግባ። ሁለተኛ፣ ክረምቱ መንገዱን ከመዝጋቱ በፊት እህልና መድኃኒት በጋምቤላ ወረዳዎች ጎተራ ይግባ፤ ዝናብ የሚመጣበትን ወር ለማወቅ የማንም አገር ትእዛዝ አያስፈልግም። ሦስተኛው የኛ ነው፤ ማኅበራችን ከጋምቤላ የመጡትን ወንድሞቻችንንና እህቶቻችንን ይዞ፣ በክልሉ የትኛው ጤና ጣቢያ፣ የትኛው የውሃ ጉድጓድ፣ የትኛው ትምህርት ቤት በማን ገንዘብ እንደሚቆም በዚህ የዕረፍት ጊዜ አጥንቶ ዝርዝሩን በዚህ መጽሔት ያውጣ። የሚቀጥለው ፊርማ ምን እንደሚነካ አስቀድመን ካላወቅን፣ ያን ጊዜም እንዳሁኑ ከደረሰ በኋላ ጽሑፍ ከመጻፍ በቀር ሌላ ሥራ አይኖረንም።